የጋራ ሂሳባችን ሞባይል ባንኪንግ ላይ አልታይ ሲል

እኔና ባለቤቴ መብራት፣ ውሃና የቤት ኪራይ የምንከፍልበት የጋራ ሂሳብ አለን። ብሩ አለ፤ የሞባይል ባንኪንግ መተግበሪያው ግን የሚያሳየው የየግላችንን ሂሳብ ብቻ ነው።

መተግበሪያውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። ጥሪ ማዕከል ደወልኩ፤ «ሲስተም ነው፣ ቆይተው ይሞክሩ» ተባልኩ። ፒኑን ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች።

ነገሩ የተገኘው አንዲት የቅርንጫፉ ሠራተኛ የፊርማ ካርዳችንን አውጥታ ስታየው ነው። «ሁለቱም ሲፈርሙ» ይላል። እንዲህ ከሆነ አንዱ ብቻውን ማዘዝ ስለማይችል ሂሳቡን ስልክ ላይ አይከፍቱትም። ለቁጠባ ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ለመብራት ክፍያ ግን ጣጣ ነው።

ሁለታችንም ፋይዳችንን ይዘን ሄድን፤ አንዳችን ብቻ ብንሄድ አይቀይሩትም። «ከሁለቱ አንዳቸው ሲፈርሙ» እንዲባል ማመልከቻ ጽፈን አዲስ የፊርማ ካርድ ፈረምን። ከዚያ የሞባይል ባንኪንግ ቅጹን በጋራው ሂሳብ ቁጥር እንደ አዲስ ሞላን። ወዲያው መታየት ጀመረ።

የአጭር መልእክት ማሳወቂያው በሁለታችሁም ስልክ እንዲገባ አስመዝግቡ። ይቺን እንዳትረሱ፤ አለበለዚያ «ብሩን ማን አወጣው?» ይመጣል። ትልቁን ቁጠባ እኛ ሌላ ሂሳብ ከፍተን በሁለት ፊርማ አስቀምጠነዋል።