የእጅ ፈትልን በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ እንዴት ማቅለም ይቻላል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈትል የሚያቀልም ሰው ብዙውን ጊዜ እርድ ያምረዋል። እርድ ጥጥን ቶሎ ይይዛል፤ ቢጫውም ደማቅ ነው። ግን ፀሐይ ሲያገኘው ይለቃል፤ ሳሙና ሲነካው ደግሞ ወደ ቀይ ይዞራል። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ የስንት ምሽት ልፋት እንደሆነ ለሚያውቅ፣ በእንዲህ ያለ ቀለም መጀመር ያሳዝናል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ከእርድ ይልቅ ይቆያል፤ ዋጋም አያስወጣም።

ለ100 ግራም ፈትል ከ50 እስከ 100 ግራም ደረቅ ልጣጭ፣ 20 ግራም የሻይ ቅጠል፣ 15 ግራም አሉም (ውኃ ለማጥራት የሚያገለግለው ነጭ ጨው መሰል ነገር)፣ የልብስ ሳሙናና ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል። ልጣጭ በጣም ቀላል ስለሆነ ይህን ያህል ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል። ጉልት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ እናቶችን ቢጠይቁ ግን የረገፈውን በደስታ ይሰጡዎታል። እርጥቡ ስለሚሻግት ደረቁን ብቻ ያጠራቅሙ። ድስቱ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ ብረት ድስት ቀለሙን ያጠቁረዋል። ፈትል በተቀለመበት ድስት ከዚያ በኋላ ወጥ አይሠራበትም።

መጀመሪያ ልቃቂቱን ይፍቱት። እንደተጠቀለለ ከተነከረ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በወንበር መደገፊያ ላይ እየጠመጠሙ ሰፊ ቀለበት ይሥሩና አራት ቦታ ላይ በነጭ የጥጥ ክር ይሰሩት። እስሩ ላላ ይበል፤ ከጠበቀ ቀለም የማያገኝ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ቀጥሎ እጥበት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጥጥ ከተክሉ ይዞት የሚመጣ ሰም አለው፤ ሰሙ እስካለ ድረስ ውኃም ቀለምም በደንብ አይገባም። ፈትሉን በብዙ ውኃ፣ በሳሙናና በአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይቀቅሉት። ንጹሕ የሚመስለው ጥጥ የሚለቀው ቢጫ ውኃ ያስገርማል። ውኃው በጣም ከደፈረሰ በአዲስ ውኃ ይድገሙት። በደንብ ካለቀለቁት በኋላ አንድ ጫፉን አድርቀው የውኃ ጠብታ ያሳርፉበት። ጠብታው ወዲያው ከተመጠጠ ፈትሉ ተዘጋጅቷል፤ ላዩ ላይ ከተንከባለለ ግን ሰሙ አልወጣም ማለት ነው።

ቀለሙን ከፈትሉ ጋር የሚያጣብቀው አሉሙ ነው፤ ጥጥ ግን ከሱፍ በተለየ አሉምን በቀላሉ አይዝም። ስለዚህ ሻዩ ይቀድማል። የሻይ ቅጠሉን አፍልተው ያጥሉት፣ ፈትሉን በሙቁ ሻይ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘፍዝፉት። ሻዩ የያዘው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር አሉሙ ከጥጡ ጋር እንዲጣበቅ ይረዳል። ፈትሉ ትንሽ ቡናማ ቢሆን አያስጨንቅም፤ ከሽንኩርቱ ቀለም ጋር ይስማማል። ጨምቀው፣ በሙቅ ውኃ በሟሟ አሉም ውስጥ ያሳድሩት። ጠዋት ቀለል አድርገው ያለቅልቁት።

ልጣጩን ለአንድ ሰዓት ቀቅለው በወንፊት ያጥሉ። እርጥቡን ፈትል ይጨምሩና እንፋሎት እያወጣ ግን ሳይንተከተክ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት። ቀስ ብለው ያገላብጡት፤ የእጅ ፈትል ቶሎ ስለሚወሳሰብ እንደ ወጥ አይማሰልም። ውኃው ቀይ ቢመስልም ፈትሉ ወደ ወርቃማ ወይም ቡናማ ያደላል። እሳቱን አጥፍተው እዚያው ቢያሳድሩት ይደምቃል። ወይራማ ቀለም የሚፈልጉ ከሆነ የዛገ ምስማር የተዘፈዘፈበት ውኃ በመጨረሻ ጥቂት ጠብ ያድርጉበት። ብዙ ብረት ግን ጥጡን ያደክመዋል።

ሲያለቀልቁ አይጠምዝዙት፤ በመዳፍ ብቻ ይጭመቁትና ጥላ ውስጥ ያንጠልጥሉት። እየተጠማዘዘ ካስቸገረ ከታች ቀላል ክብደት ያስሩበት።

ፈትሉ ለጥለት ከሆነ ለልብሱ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ድስት ያቅልሙ፤ ሁለተኛው ድስት ከመጀመሪያው ጋር በትክክል አይገጥምም። ለሸማኔው ከመስጠትዎ በፊትም አንድ ቁራጭ ክር ግማሹን በካርቶን ሸፍነው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡ። የሁለቱ ግማሾች ልዩነት ቀለሙ ለነጠላ ይሁን ለመጋረጃ እንደሚበጅ ይነግርዎታል።