የካንሰር ስጋት ግምገማና የጎንደር በርበሬ አዘጋጅ፦ ገደቡን ማንበብና ምርትን ማዘጋጀት

በጎንደር በርበሬ አዘጋጅቶ የሚሸጥ አነስተኛ ነጋዴ፣ በውጭ አገር የሚካሄድ የካንሰር ስጋት ግምገማ እርሱን የማይመለከተው ሊመስለው ይችላል። ምርቱን ወደ አውሮፓ ለመላክ ሲነሣ ግን ግምገማው የመጠን ገደብ ሆኖ ይጠብቀዋል።

በመጀመሪያ ምድቡንና ገደቡን ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ፣ ከሻጋታ የሚመነጨውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ እ.ኤ.አ. በ1987 በምድብ 1 መድቦታል። ምድቡ የሚያመለክተው ንጥረ ነገሩ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ መኖሩን እንጂ የጉዳቱን መጠን አይደለም። ነጋዴውን የሚያስገድደው መንግሥታት የሚያወጡት ገደብ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደረቅ በርበሬ በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም በላይ ጠቅላላ አፍላቶክሲን ሊኖረው አይገባም፤ ቢ1 የተባለው ዓይነት ደግሞ ብቻውን ከ5 መብለጥ የለበትም። ይህም በ10 ኩንታል በርበሬ ውስጥ 10 ሚሊግራም ብቻ ማለት ነው።

ዋናው ጥንቃቄ በግዢ ላይ ነው፤ አፍላቶክሲን በማመስም ሆነ ወጥ ውስጥ በማብሰል አይወገድምና። ዛላው እንዳይሰባበር ወይም ክብደት እንዲጨምር ውኃ መርጨት ለሻጋታ በር የሚከፍት ክፉ ልማድ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ዕቃ በርካሽም ቢሆን አለመግዛት ይሻላል። ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመካከሉና ከሥሩም ዛላ አውጥተው ይስበሩ። በደንብ የደረቀው ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ፍሬውም ይንኮሻኮሻል፤ እርጥበት ያለው ግን ይተጣጠፋል፤ ላዩ ቀይ ሆኖ ሳለም በፍሬው ዙሪያ ግራጫ ሻጋታ ሊገኝ ይችላል። ሻጋታ አለመታየቱ ብቻ ግን ለንጽሕናው ማረጋገጫ አይሆንም።

ጆንያዎቹን ከወለልና ከግድግዳ አርቀው በርብራብ ላይ ይደርድሩ።

ምርመራው ወፍጮ ቤት ከመሄድ በፊት ቢደረግ ኪሳራው ይቀንሳል። መርዙ በጆንያዎቹ ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ ናሙናው ከብዙ ጆንያዎች ተውጣጥቶ መደባለቅ አለበት። ወጪው ለአንድ አዘጋጅ ከባድ ስለሆነ፣ አንድን ጭነት በጋራ ገዝተው የሚካፈሉ ነጋዴዎች ምርመራውንም በጋራ ቢከፍሉ ተገቢ ነው። ከገደቡ ያለፈውን ከንጹሑ ጋር ቀላቅሎ መጠኑን ማውረድ በኅብረቱ ሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ የሚበላውን ሰው ጤናም የሚደፍር ነው።

በመጨረሻም ጭነቱ በድንበር ምርመራ ቢወድቅ የመመለሻውን ወይም የማስወገጃውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ቅድመ ክፍያ ከመቀበል በፊት ከገዢው ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ።