ኤሌክትሮላይቱ ኦክሳይድ አዮን አላሳልፍ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ጠጣር ኦክሳይድ ፊውል ሴል ከሃይድሮጅንና ከአየር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኤሌክትሮላይቱ በሁለቱ መሀል ያለው፣ ኦክሳይድ አዮን (ቻርጅ ያለው ኦክስጅን) የሚያሳልፈው የሴራሚክ ዲስክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይትሪያ ከገባበት ዚርኮኒያ ይሠራል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ሴል የሚሞክር ሰው ቮልቴጁ ሲወርድበት ቶሎ የሚያሳብበው በከፍታው ነው። ከፍታው ድርሻ አለው፤ ግን ትንሽ ነው።

ምልክት፦ ያለ ጭነት ቮልቴጁ 0.9 ቮልት ላይ ይቀራል

በ800 ዲግሪ፣ በአንድ ወገን 3 በመቶ እንፋሎት ያለው ሃይድሮጅን፣ በሌላው አየር ካለ 1.1 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት። ከተማዋ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 71 በመቶ ያህል ነው። የኦክስጅኑ መሳሳት የሚቀንሰው 8 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ሃይድሮጅኑን በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የምታሳልፉት ከሆነ ደግሞ የእንፋሎቱ ግፊት በከፍታ ስለማይወርድ እርጥበቱ ወደ 4.4 በመቶ ይጠጋል፤ ይህ ሌላ 17 ሚሊቮልት ይወስዳል። ሁለቱ ቢደመሩ 25 ነው። 200 ሚሊቮልት ከጎደለ ከፍታውን ተዉት።

መጀመሪያ የጋዝ ማፍሰስን ፈትሹ። የተቃጠለው ዲስክ አንድ ፊት ላይ የሜቲሊን ብሉ (ሰማያዊ ማቅለሚያ) ጠብታ አኑሩ፤ ትንሽ ቆይታችሁ ገልብጡት። ከጀርባው ሰማያዊ ነጥብ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ከታየ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ አለ። ስንጥቅ ያለበትን ጣሉት፤ ቀጣዩን ቀስ ብላችሁ አሙቁ፣ ቀስ ብላችሁ አቀዝቅዙ። ቀዳዳ ከሆነ በአርኪሜደስ ዘዴ (በአየርና በውሃ ውስጥ መዝናችሁ) እፍጋቱን ለኩ። ቀዳዳ ከሌለው ቁስ እፍጋት ከ95 በመቶ በታች ከሆነ ከ1,400 እስከ 1,500 ዲግሪ ያለው ቆይታ አልበቃውም፤ መብራት በመሀል ጠፍቶ እንደሆነም አጣሩ። ዲስኩ ንጹሕ ከሆነ ማሸጊያውን እዩ።

ኤሌክትሮላይቱ ጋዶሊኒየም የገባበት ሴሪያ (የሴሪየም ኦክሳይድ) ከሆነ ግን ምንም ሳያፈስም ቮልቴጁ ይወርዳል። ሃይድሮጅን ሴሪየሙን ከአራት ቻርጅ ወደ ሦስት ሲያወርደው ኤሌክትሮን በውስጥ ያልፋል። ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሥሩበት፤ ወይም በነዳጁ ወገን ስስ የዚርኮኒያ ሽፋን አልብሱት።

ምልክት፦ ቮልቴጁ ደህና ነው፣ ጭነት ሲገባ ይወድቃል

ኢምፔዳንስ (በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ሳትለኩ ዲስኩ የሚሠራበትን ዱቄት አትቀይሩ። በዝቅተኛ ሙቀት፣ 300 እና 400 ዲግሪ ላይ፣ በግራፉ ላይ የሚታዩት ቅስቶች ይለያያሉ፦ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለው የክሪስታሉ ውስጥ፣ መካከለኛው የቅንጣቶች ድንበር፣ ዝቅተኛው የኤሌክትሮዱ ነው።

መካከለኛው ካበጠ ድንበሩ ላይ ሲሊካ እንደ መስታወት ተለጥፎ የአዮኑን መንገድ ዘግቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። የአጌት ሙቀጫ ራሱ ሲሊካ ነው፤ በዚርኮኒያ ፍጩ።

የመጀመሪያው፣ የክሪስታሉ ውስጥ ቅስት፣ ካበጠ ቅንብሩን አጣሩ። ሁለት ይትሪየም በዚርኮኒየም ቦታ ሲገባ አንድ የኦክስጅን ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ አዮኑ የሚዘለው በዚያ ነው። 8 ሞል በመቶ ይትሪያ አካባቢ ዝውውሩ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ ሲበዛ ክፍት ቦታዎቹ ከይትሪየሙ ጋር ተጣምረው ይያዛሉ። 3 በመቶው ጠንካራ ነው እንጂ የሚያስተላልፈው ያነሰ ነው። ሙቀቱም ከ800 ወደ 600 ከወረደ ዝውውሩ ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳልና፣ ቴርሞኮፕሉ (የሙቀት መለኪያው) ከዲስኩ አጠገብ መሆኑን እዩ።

የኤሌክትሮዱ ቅስት ካበጠ ደግሞ ላንታነም ያለበትን ካቶድ (የአየሩን ወገን ኤሌክትሮድ) ከ1,200 ዲግሪ በላይ አቃጥላችሁት ይሆናል፤ ከዚርኮኒያው ጋር ተዋሕዶ አዮን በደንብ የማያሳልፍ ላንታነም ዚርኮኔት ይፈጥራል። በ1,100 ዲግሪ አካባቢ አቃጥሉት።