ተጫዋችን ማቆየትና በአግባቡ መሸኘት፦ ለጎጃም ከተሞች ክለቦችና የታዳጊ ፕሮጀክቶች

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በሞጣ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን ሰው ለዓመታት የደከመበት ልጅ ወደ ትልቅ ክለብ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ምስጋና ብቻ ነው። የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦችም ዕጣ ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ ተጫዋቾቹ ባመዛኙ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ስለሚፈርሙ ውላቸው ሲያበቃ ያለ ዝውውር ክፍያ ይሄዳሉ፣ ክለቡም በየክረምቱ በከተማ አስተዳደር በጀት ቡድኑን እንደ አዲስ ይሠራል። ባህር ዳር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ በአፍሪካ ክለቦች ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጥሎ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሰናብቷል። እንዲህ ካለው ዙር የሚገኝ ልምድ ፍሬ የሚያፈራው ያንኑ ቡድን ለሦስትና ለአራት ዓመት አብሮ ማቆየት ሲቻል ነው።

የሥራው መጀመሪያ ምዝገባ ነው። ፕሮጀክቱ በከተማው ወይም በዞኑ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በኩል ሕጋዊ ዕውቅና እንዲያገኝ ያድርጉ፤ እያንዳንዱንም ልጅ 12 ዓመት ከሞላው ጀምሮ በየውድድር ዘመኑ በክለቡ ስም ያስመዝግቡ። በፊፋ ደንብ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በክፍያ ሲዘዋወር ከገንዘቡ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ለ12ኛው እስከ 15ኛው ዓመት በየዓመቱ 0.25 በመቶ፣ ከ16ኛው ጀምሮ ደግሞ 0.5 በመቶ ይታሰባል። ስለዚህ ልጁን ከ14 እስከ 17 ዓመቱ ለአራት የውድድር ዘመን የያዘ ክለብ፣ ልጁ በ200,000 ዶላር ቢሸጥ 3,000 ዶላር ይደርሰዋል፤ ይህም ለአንድ የከተማ ፕሮጀክት ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ተጫዋቹ በውጭ አገር የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ሲፈርም የሚጠየቅ የሥልጠና ካሳም አለ። እነዚህን ክፍያዎች እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የሚያስተላልፈው መቀመጫው ፓሪስ የሆነው የፊፋ የክፍያ ማዕከል ሲሆን፣ መነሻ የሚያደርገውም በፌዴሬሽኖች መዝገብ የሰፈረውን የተጫዋቹን ታሪክ ነው፤ በአሠልጣኙ ደብተር ብቻ የተጻፈ ስም ዋጋ የለውም።

የልደት ምስክር ወረቀቱንም ልጁ ገና ታዳጊ ሳለ ከቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያውጡለት። ዕድሜ መቀነስ የሰፈር ዋንጫ ያስገኝ ይሆናል፤ ከ17 ዓመት በታች በሚደረገው አህጉራዊ ውድድር ግን ዕድሜን ለመለየት የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ስለሚመረመር ልጁ እዚያው ይቀራል።

ቀጥሎ ውሉ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት የበለጠ ውል መፈረም አይችልም፤ ለሌሎች ጣሪያው አምስት ዓመት ነው። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር የመፈራረም መብት ስላለው፣ የእድሳቱ ንግግር ቢዘገይ አንድ ዓመት ሲቀር ይጀመር። ደመወዙን በሐምሌ በጸደቀው በጀት ልክ ይወስኑ፤ ምክንያቱም የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ መወሰኑ ይታወሳል፤ በእኔ ግምት ግን የውሉ ዕድሜ አጭር ሆኖ ደመወዙን ብቻ መገደብ ተጫዋች አያቆይም።

ማቆየት ማለት ማሰር አለመሆኑ እዚህ ላይ ሊታወቅ ይገባል፤ ልጁ አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም፣ የክለቡም ድርሻ ወዴትና መቼ እንደሚሄድ አብሮ ማሰብ ነው። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ ከአንድ ዓመት በኋላ በቀጥታ ወደ ታላቁ የደቡብ አፍሪካ ክለብ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ፤ እዚያ ግን ከጉዳትና ከብርቱ ፉክክር ጋር መታገል ግድ ሆነበት። ሽመልስ በቀለ በአንጻሩ እንደ ፔትሮጄት ባሉ መካከለኛ የግብፅ ክለቦች ለዓመታት ተጫውቷል። ለጎጃም ልጅ ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ይመስለኛል፤ ልጁ የሚሰለፍበት መካከለኛ ክለብ፣ ስሙ ከገነነ ክለብ የተጠባባቂ ወንበር ይበልጣል።

ልጁን የሚያዩት መልማዮች ግን ወደ እኛ ዘንድ አይመጡም። ባህር ዳር ስታዲየም በ2014 ዓ.ም. መግቢያ የደቡብ አፍሪካን ቡድን ካስተናገደ በኋላ በአገር ውስጥ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ማስተናገድ ስላልተቻለ ብሔራዊ ቡድኑ እንኳ የሜዳውን ጨዋታ በጆሃንስበርግና በሊሎንግዌ ለማድረግ ተገድዷል። ስለዚህ የታችኛው ሊግ ጨዋታዎችን ከከፍታ ቦታ ሆናችሁ ሙሉ 90 ደቂቃውን ቅረጹ፤ ግቦች ብቻ ተቆራርጠው የተቀጣጠሉበት ቪዲዮ ተጫዋቹ ኳስ በሌለበት ጊዜ የሚያደርገውን ስለማያሳይ ብዙም አይረዳም።

ጥያቄ ሲመጣ አቅራቢው ፊፋ ፈቃድ የሰጠው ወኪል መሆኑን አጣሩ። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ወደ ውጭ ማዘዋወር ክልክል ስለሆነ፣ “ለሙከራ ልውሰደው” የሚለውን ደላላ ከወላጆቹ ጋር ሆናችሁ መልሱት። የአገር ውስጥ ክለብ ከሆነ የጠየቀው፣ መልቀቂያው ከመፈረሙ በፊት ወደፊት ልጁ ሲሸጥ ለእናንተ የሚደርሰው ድርሻ በመቶኛ ተጽፎ በስምምነቱ ውስጥ ይግባ፤ አንድ ቅጂም በክለቡ፣ አንድ ቅጂም በፌዴሬሽኑ ይቀመጥ።