ከአቦል እስከ በረካ፦ የቡናን ጥቅም የምናጣባቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡና የምንጠጣው በተራ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ተረኛዋ የአንደኛ ፎቋ እትዬ ነበሩ። ጢሱ እስከ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ነው የጠራኝ። ምሳዬን ጨርሼ እጄን እንደታጠብኩ ወረድኩ። አቦሉን እየቀዱ «ቡና ለስኳር በሽታ፣ ለጉበት ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ይሄ ጥሩ የተባለው ነገር ሰውነት ውስጥ የሚገባው በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው ከቡናው በላይ አነቃኝ። ቡና ውስጥ ጠቃሚ ከሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች ዋናው ክሎሮጄኒክ አሲድ ይባላል፤ ከፖሊፌኖሎች ወገን ነው። ግን ሲኒ ውስጥ መኖሩ አንድ ነገር፣ ደም ውስጥ መግባቱ ሌላ ነገር ነው። በመሃል ብዙ እናባክናለን።

«በደንብ ይጥቆር እንጂ!»

ብክነቱ ምጣዱ ላይ ይጀምራል። ጥሬው የአረቢካ ቡና፣ ማለትም የእኛው ቡና፣ ከክብደቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ገደማ ክሎሮጄኒክ አሲድ ነው። እሳት ግን አይስማማውም። ለስላሳ ሲቆላ የተወሰነው ይጠፋል። ወዙ ወጥቶ ጥቁር እስኪል ከተቆላ አብዛኛው ይሄዳል። ካፌይኑ ግን ብዙም አይነካም። ስለዚህ ጠቆረ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም፤ መረረ ማለት ነው።

ቡናማ መልክ ሲይዝና መንጣጣት ሲጀምር ትንሽ ቆይቶ ማውጣት ይሻላል። እውነቱን ልናገርና እኔም ጠቆር ያለውን ነው የምወደው። ጣዕም ሌላ ሂሳብ ነው።

«ጠጣሁት፣ ገባ፣ አለቀ»

ለካፌይን ከሆነ ልክ ነው። ከጠጣን 45 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ደም ይገባል። ክሎሮጄኒክ አሲድ ግን እንግዳ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ አንድ ጥናት፣ ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸው ሰዎች ይህን ውህድ እንዲወስዱ ተደረገ። ትንሹ አንጀት የመጠጠው አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ቁልቁል ይወርዳል።

ታዲያ ባክኖ ቀረ? አይደለም። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። ይሰባብሩታል፣ ቅርጹን ይቀይሩታል፣ ትንንሽ አሲዶች ያደርጉታል። ከዚያ ነው ወደ ደም የሚገባው። ይሄ ሁሉ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት አቦል፣ ሁለተኛውን ዙር የሚሰጣችሁ ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ነው ማለት ነው። እትዬ ይሄን ስነግራቸው «እኔ እኮ እነሱንም ጭምር ነው የማጠጣው!» ብለው ሳቁ።

ስህተቱ እነዚህን ባክቴሪያዎች መርሳት ነው። የሚኖሩት በአሰር (ፋይበር) ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ ይወዳሉ። ጉንፋን በያዘን ቁጥር ፋርማሲ ገብተን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ስንውጥ እነሱንም አብረን እንጨርሳለን። ቡናው ቢጠጣም ሠራተኛው የለም።

«ምሳ ላይ ቡና ካልተጠጣ...»

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተታችን ይሄ ነው፤ እኔም ያን ዕለት ስሠራው ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የምናመሰግናቸው ፖሊፌኖሎች አንጀት ውስጥ የብረት ማዕድን ሲያገኙ ይይዙታል፣ አይለቁትም። ሐኪሞች አይረን የሚሉት ማለት ነው። በተለይ ከጤፍ፣ ከጥራጥሬና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ይይዙታል። ጥሩ የተባለው ውህድ ራሱ ነው ሌላውን ጥሩ ነገር የሚያስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና የብረቱን መመጠጥ በ39 በመቶ ቀነሰው። ሻይማ ባሰ፤ 64 በመቶ።

የዚያ ጥናት ሌላ ውጤት ደግሞ አለ፤ እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ቡናው ከምግቡ 1 ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ብረቱን አልነካውም። ከምግቡ 1 ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግብ ጋር የተጠጣ ያህል ቀነሰው። እኛ ደግሞ መቼ ነው የምንጠጣው? ምሳ ተነሥቶ፣ እጅ ታጥበን፣ ወዲያው።

የወንድሜ ሚስት እርጉዝ ሳለች የአይረን ኪኒን ተሰጣት። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትውጠዋለች፣ ከዚያ በቡና ታወራርደዋለች። ወራት አልፈው ደሟ ሲለካ ያው ዝቅ ያለ ነው። ኪኒኑን የሰጣት ሰው ስለ ቡናው ትንፍሽ አላለም፤ እሷም አልጠየቀችም። በኋላ ሌላ ነርስ ናት «ኪኒኑንና ቡናውን አራርቂያቸው» ያለቻት።

ጤነኛ ሆኖ ሥጋ አዘውትሮ ለሚበላ ሰው ይሄ ብዙም አያሳስብም። እርጉዝ ሴት፣ የወር አበባ ብዙ የሚፈሳት ሴት፣ ደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቁ። ቡናውን ከምሳ በፊት 1 ሰዓት ማድረግ፣ ካልሆነም ከምሳ በኋላ 2 ሰዓት ያህል መታገሥ ጥሩ ነው። ምሳው ላይ ቃሪያ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ መብላትም ይረዳል፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል።

ሳይሰክን መቅዳት

እንግዳ ሲጣደፍ ይሄ ይመጣል። የቡና ዘይት ውስጥ ካፌስቶልና ካዌኦል የሚባሉ ነገሮች አሉ። መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋሉ። ወረቀት ማጥለያ ያስቀራቸዋል፤ ጀበና ግን ወረቀት የለውም። ደቃቁ ዱቄትም ዘይቱን ተሸክሞ ሲኒ ውስጥ ይገባል። ጀበናው ማቶቱ ላይ ተቀምጦ አተላው እስኪዘቅጥ መጠበቅ ሁሉንም ባያስቀር ይቀንሳል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው ግን አልፎ አልፎ በወረቀት የተጠለለ ቡና ቢለምድ ይሻለዋል።

ስኳርና ወተት

በሲኒ ሦስት ማንኪያ፣ በሦስት ሲኒ ዘጠኝ። ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። ጨው የምትጨምሩም ግፊታችሁን አስቡ። ወተት የቡናን ጥቅም ያጠፋል ይባላል፤ ግን ስሙ በከንቱ ጠፍቷል። ፕሮቲኑ ፖሊፌኖሉን በከፊል ቢይዘውም፣ ፕሮቲኑ ራሱ አንጀት ውስጥ ይፈጫል፤ የያዘውንም ይለቃል።

በረካን እንደ አቦል መቁጠር

«በቀን ስንት ሲኒ ይበቃል?» የሚል ሰው መጀመሪያ የትኛውን ሲኒ እንደሆነ ይንገረኝ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ነገር አብዛኛው በአቦል ይወጣል። ቶና የተረፈውን ይወስዳል። በረካ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በአብዛኛው በረከት ነው። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ለጨዋታው ብሎ ከመጣ በረካን ይጠብቅ። ካፌይን ጤነኛ አዋቂ ሰው ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እርግዝናው በገፋ ሴት ላይ ደግሞ ከዚያ በጣም ይረዝማል። የወንድሜ ሚስት አቦሉን ለእኛ ትታ በረካ ብቻ ትጠጣ የነበረው ለዚህ ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው። እትዬን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ይምጡ አልኳቸው። «ምሳ ሳይበላ? ሰው ምን ይለናል!» አሉ። ቆሎ አለ፣ ዳቦም እገዛለሁ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ቡናውን እኔ እቆላለሁ፤ አንተ ታሳርረዋለህ» አሉኝ።