ሲወለድ ትንሽ የነበረ ልጅ፦ ግፊቱን መለካትና ስፖርት ማስጀመር

«ሲወለድ ደቃቃ ነበር፤ ልቡ አይችልም» እየተባለ ከኳስና ከሩጫ የሚከለከል ልጅ በጣም ያሳዝናል። የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። ከ2,500 ግራም በታች የተወለደ ሰው ሲያድግ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ይላል። አንዱ ምክንያት ኩላሊቱ ውስጥ ያሉት ደም አጣሪዎች ማህፀን ውስጥ ሳለ በቁጥር አንሰው መቅረታቸው ነው፤ በኋላ አይተኩም። የልደት ክብደት አይቀየርም፤ እንቅስቃሴ ግን በእጃችን ነው።

ክብደቱን ከክትባት ካርዱ ይፈልጉ። ቤት ውስጥ ተወልዶ ካልተመዘነ ያለ ጊዜው መወለድ አለመወለዱን እናቱን ይጠይቁና ወደ ደም ግፊት ልኬቱ ይሂዱ።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ከገጠር ቀበሌ ዳገት ወጥቶ ጤና ጣቢያ የደረሰ ልጅ ወዲያው ከተለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሽንቱን ይሽና፤ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ። ጋቢውንና ሹራቡን ያውልቅ፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በቀጭን ክንድ ላይ የአዋቂ መጠቅለያ (ክንድ ላይ ታስሮ በአየር የሚነፋው የግፊት መለኪያ ጨርቅ) ከታሰረ ግፊቱን አሳንሶ ያሳያል፤ ችግሩም ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ የልጅ መጠቅለያ እንዲያመጡ ይጠይቁ፤ ይህ መብትዎ ነው። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ያስለኩ። ዕድሜው ከ13 ዓመት ጀምሮ ከሆነ ከ120/80 በታች ደህና ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 130/80 ወይም በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው።

እንቅስቃሴው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው፤ ፈጥኖ ወደ ትምህርት ቤት መሄድም ይቆጠራል። በሳምንት 3 ቀን ጠንከር ያለ ይሁን፦ ሩጫ፣ ገመድ ዝላይ፣ ዳገት መውጣት። ያልለመደ ልጅ በ10 ደቂቃ ጀምሮ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምር። እያወራ መሄድ ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው፣ መጠኑ ልክ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ደብረ ብርሃን የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ፍጥነቱን ይቀንስ እንጂ አያቁም።

ሲሮጥ ራሱን ከሳተ ወይም ደረቱን ካመመው ግን ያቁምና ይመርመር። ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያው ካበጠም እንዲሁ፤ የልብን በሮች (ቫልቮች) የሚያበላሸው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል።

ክሳቱን ለማካካስ በቅባትና በስኳር አያወፍሩት፤ ትንሽ ተወልዶ በልጅነቱ በፍጥነት የሚወፍር ልጅ ለአደጋ ይበልጥ ይጋለጣል። ጨውም ይቀነስ። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ወጡን ሳይቀምሱ አይጨምሩ።