ዳትሰን 240ዜድ ኤልኤስ1 ሞተር ሲገባላት፦ የሽቦ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ዳትሰን 240ዜድ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1973 አሜሪካ ውስጥ የተሸጠች ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ናት። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1971 እና በ1973 ያሸነፈችውም እሷ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ 2.4 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር ነበራት። ዛሬ ብዙ ወዳጆቿ ይህን አውጥተው የጄኔራል ሞተርስን ኤልኤስ1 ያስገቡላታል። ኤልኤስ1 በ1997 ኮርቬት ላይ የመጣ 5.7 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው። ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ ለጉልበቱ ክብደቱ ትንሽ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው መኪና በእውነት የሚያስደስት ነው።

ሞተሩን ቦታው ላይ ማሰር በጥቂት ቡሎን ያልቃል። ሰውን የሚያደክመው ሽቦው ነው። የድሮዋ መኪና ኤሌክትሪክ የተሠራው ለአንድ ኮይል (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ዕቃ)፣ ለመብራት፣ ለሬዲዮና ለዝናብ መጥረጊያ ነው። አዲሱ ሞተር ደግሞ ኮምፒውተር፣ ስምንት ኮይል፣ ነዳጅ የሚረጩ ስምንት ኢንጀክተሮች፣ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕና ትልቅ ዲናሞ ይዞ ይመጣል። የድሮው ሽቦ ትእዛዝ ብቻ ያስተላልፍ፤ ትልቁን አምፔር አዲስ ሽቦ ይሸከም። ከታች ያሉት ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ሳይጠበቅ ሲቀር ነው።

ሥራ ስትጀምሩ ዲጂታል መልቲሜትር፣ የመሞከሪያ አምፖል፣ የመኪናዋንና የሞተሩን የሽቦ ንድፍ አጠገባችሁ አድርጉ። "ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል" የሚለውን ሐሳብ የመጨረሻ አድርጉት። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ደህና ነው።

ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተሩ) ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

መጀመሪያ አንድ ነገር አስተውሉ። ቁልፉን ከማስነሻው ስትለቁት ሞተሩ ለቅጽበት ሊነሳ ይሞክራል? ከሆነ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ታውቋል። ቁልፉ ማስነሻ ላይ ሲደርስ አንዳንድ መስመሮችን ያቋርጣል፤ ሬዲዮና ማራገቢያ ለዚህ ነው በዚያች ሰዓት የሚጠፉት። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የወሰዳችሁት ከእንዲህ ዓይነቱ መስመር ከሆነ፣ ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል ማለት ነው።

ለማረጋገጥ የሞተሪኖውን ቀጭን ሽቦ ንቀሉ። ሰው ቁልፉን ማስነሻ ላይ ይዞ ይቆይላችሁ። በኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ከቁልፍ የሚመጣውን መስመር ለኩ። የባትሪውን ያህል ቮልት ካላገኛችሁ የተሳሳተ ሽቦ ይዛችኋል። ቁልፉ ሲከፈትም፣ ሲያስነሳም የማይቋረጠውን ሽቦ ፈልጉ። እሱንም በቀጥታ ለኮምፒውተሩ አትስጡት። ሪሌይ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው፤ የእሱ 86 ቁጥር ላይ አስገቡት፣ 85ን ግራውንድ አድርጉ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ወደተገናኘ ብረት ውሰዱት)፣ 30ን በፊውዝ አልፎ ከባትሪ በሚመጣ አዲስ ሽቦ መግቡት። ኮምፒውተሩ፣ ኮይሎቹና ኢንጀክተሮቹ ከ87 ይውሰዱ።

240ዜድ ላይ ሌላ የተሰወረ ነገር አለ። የዙር ቆጣሪዋ የሚሠራው ወደ ኮይል የሚሄደው ኤሌክትሪክ በውስጡ ሲያልፍ ነው። ዳሽቦርዱን ፈትታችሁ የቆጣሪውን ሶኬት ከነቀላችሁ ያ መስመር ይቋረጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቦ ባዶ ነው። ከዚሁ መስመር ላይ ለድሮው ኮይል ቮልት የሚቀንስ ሬዚስተርም አለ። ከሬዚስተሩ በኋላ ሽቦ የሳበ ሰው ምንም ሳይጫን ሲለካ 12 ቮልት ያያል፤ ኮይሎቹ ሥራ ሲጀምሩ ግን ቮልቱ ይወርዳል። ሁለቱንም ከመንገዱ አውጧቸው።

ኤሌክትሪኩ ደህና ከሆነ ወደ ነዳጁ ሂዱ። የኤልኤስ1 ኮምፒውተር ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ ያህል ያሠራና ያቆመዋል፤ ሞተሩ መዞሩን ሲያይ እንደገና ይለቀዋል። ቁልፍ ስትከፍቱ ከኋላ አጭር የፓምፕ ድምፅ መስማት አለባችሁ። የሚፈለገው ግፊት 4 ባር ገደማ ነው። የካርቡራቶሩ ፓምፕ የዚህን ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ስለሚሰጥ በእሱ ለማስነሳት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ይነሳና ወዲያው ይጠፋል

ይህ ምልክት ሲታይ ሰዎች ሽቦ እየፈቱ ቀናት ያጠፋሉ። ኮምፒውተሩ የመጣው ከኮርቬት ወይም ከካማሮ ነው። እነዚያ መኪኖች የስርቆት መከላከያ ነበራቸው። ኮምፒውተሩ ከድሮ ቤቱ የለመደውን የይለፍ ምልክት ሲያጣ ኢንጀክተሮቹን ይዘጋል። ካንዴላው ይተኩሳል፣ የነዳጁ ግፊት አይወርድም፣ ኢንጀክተር ሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሽ መሞከሪያ መብራት ግን ብልጭ ማለቱን ያቆማል። መፍትሄው በፕሮግራም ይህን መከላከያ ማጥፋት ነው። የትኛውም ሽቦ አያድነውም።

ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱም አብሮ ከወረደ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የፓምፑን ሪሌይና ፊውዝ ተመልከቱ።

ቁልፍ ተዘግቶ ሞተሩ አይጠፋም

ይህ ያስደነግጣል፤ አደጋም አለው። ሁለት ዋና ምክንያቶች አሉት። የመጀመሪያው ዲናሞው ነው። 240ዜድ ከዲናሞው ውጭ ለብቻው የተቀመጠ የቮልት መቆጣጠሪያ ሳጥን ነበራት። አዲሱ ዲናሞ መቆጣጠሪያውን በውስጡ ይዟል፣ ስለዚህ የድሮው ሳጥን መውጣት አለበት። ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው ቀጭን ሽቦ ከቁልፉ መስመር ጋር ከተገናኘ፣ ቁልፍ ሲዘጋ ዲናሞው በዚያው ሽቦ ወደ ኋላ ይመግባል። ኮምፒውተሩም ቁልፍ ገና ክፍት እንደሆነ ያስባል።

ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ዝጉና የዲናሞውን ትንሽ ሶኬት ንቀሉ። ሞተሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኘ። በዚህ ሙከራ ላይ የባትሪውን ገመድ በፍጹም አትንቀሉ። ሞተር እየሠራ ባትሪ ሲነቀል ዲናሞው የሚለቀው ከፍተኛ ቮልት ኮምፒውተሩን ሊገድለው ይችላል።

መፍትሄው በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ዲናሞው ብቻ እንዲሄድ የሚያደርግ ዳዮድ ማስገባት ነው። የዳሽቦርድ የባትሪ መብራትም በመስመሩ ላይ ቢገባ ጥሩ ነው። የጄኔራል ሞተርስ ዲናሞ ላይ "ኤል" የሚባለው ተርሚናል 12 ቮልት በቀጥታ አይሰጠውም። በመብራት ወይም በሬዚስተር አልፎ መምጣት አለበት፣ አለዚያ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ይበላሻል።

ሁለተኛው ምክንያት የራዲያተሩ ቬንትሌተር ነው። ኤሌክትሪኩ ተቋርጦም ለጥቂት ጊዜ በራሱ ስለሚዞር እንደ ትንሽ ዲናሞ ቮልት ያመነጫል። ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ መስመር ላይ ከሆነ ሞተሩ ሳል ሳል እያለ ዘግይቶ ይጠፋል። ለቬንትሌተሩ የራሱን ሪሌይና የራሱን ፊውዝ ስጡት።

ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ ሞተሪኖው "ቀጭ" ብቻ ይላል

በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ የጭስ መውጫ ቱቦዎቹ ሞተሪኖውን ያቃጥሉታል። ሲግል ለመነሳት የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ትእዛዙ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ባለፈው የቁልፍ ቤትና በቀጭን ረጅም ሽቦ እየደከመ ይመጣል። ሞተሪኖው ላይ ያለውን ትንሹን ተርሚናል ሰው ቁልፉን ይዞ ሳለ ለኩ። ባትሪው ደህና ሆኖ እዚያ ከ10 ቮልት በታች ካገኛችሁ ሞተሪኖ አትግዙ። አጠገቡ ሪሌይ አስቀምጡ፤ የድሮው ሽቦ ሪሌይውን ብቻ ይቀስቅስ። የሙቀት መከላከያም አልብሱት።

ሴንሰሮች ይዘባርቃሉ፣ መብራት ሲበራ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሞተሩ ይወዛወዛል። ፍሬቻ ስታበሩ የሙቀት ጌጁ አብሮ ይርገበገባል። ዛሬ አንድ ሴንሰር ተበላሸ ይላል፣ ነገ ሌላ። እንዲህ ምልክቱ ሲበዛና ሲምታታ ግራውንዱን ጠርጥሩ። ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ከሁሉ በላይ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው።

ብዙ ሰው ግራውንድ የሚፈትሸው በመልቲሜትሩ የጩኸት ድምፅ ነው። ድምፅ ካለ ደህና ነው ይላል። ይህ ያሳስታል። መልቲሜትሩ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከኬብሉ ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ ይጮኻል። ሞተሪኖው ግን ከ150 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። መገናኛው ላይ 0.05 ኦም ብቻ ቢኖር በ150 አምፔር 7.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መለካት ያለበት ሥራ ላይ እያለ ነው።

የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጉ። ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ከ0.3 ቮልት በታች ካነበባችሁ ጥሩ ነው። ግማሽ ቮልት ካለፈ ኬብሉ ቀጥኗል ወይም መገናኛው ቀለምና ዝገት አለበት። ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ፣ መብራትና ቬንትሌተር እየሠሩ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ኮምፒውተሩ ግራውንድ ለኩ። እዚህ 0.1 ቮልት እንኳ ብዙ ነው፤ ሴንሰሮቹ የሚያወሩት በጥቃቅን ቮልት ነውና።

ጥገናው ቀላል ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሩ ብሎክ ወፍራም ኬብል፣ ከሞተሩ ወደ ቦዲ ሌላ፣ ከባትሪው ወደ ቦዲ ሌላ። ባትሪው ወደ ኋላ ሻንጣ ክፍል ከተዛወረ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ተጠቀሙ፤ በፖዘቲቩም ላይ ባትሪው አጠገብ ትልቅ ፊውዝ ይኑር። የኮምፒውተሩና የኮይሎቹ ግራውንድ ከቴስታታው (ከብሎኩ በላይ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ) ጀርባ ባዶ ብረት ላይ ይታሰር። አዲስ ቀለም የተቀባ ቦዲ ታምራለች፣ ቀለሙ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የምታስሩበትን ቦታ እስከ ብረቱ ፋቁት፣ ካሰራችሁ በኋላ ዝገት እንዳይዘው ቅባት ቀቡት።

የነዳጅ መስጫው ገመድ ከጋለ ወይም ፕላስቲኩ ከቀለጠ ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው ኬብል የለም ወይም ተበጥሷል። የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ መመለሻ አጥቶ በዚያ ገመድ አልፏል። መኪናዋን ሳታስተካክሉ ዳግም አታስነሷት።

ዳሽቦርድ ስር የተቃጠለ ሽታ

240ዜድ ዳሽቦርዷ ላይ አምፔር ሜትር አላት። ባትሪ የሚሞላው ኤሌክትሪክ ከሞተር ክፍሉ ተነስቶ ጋቢና ይገባል፣ በጌጁ ያልፋል፣ ተመልሶ ይወጣል። የድሮው ዲናሞ 50 አምፔር ገደማ ስለነበር ሽቦው ይችለዋል። የኤልኤስ1 ዲናሞ ከ100 አምፔር በላይ ይሰጣል። ባትሪ ወርዶ ሲሞላ ወይም ቬንትሌተር ሲነሳ ያ ሽቦ ይግላል። እሳት የሚነሳውም እንዲህ ነው።

ጌጁን ለውበቱ ብላችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ፤ ኤሌክትሪኩ ግን በእሱ አይለፍ። ከዲናሞው በቀጥታ ወደ ባትሪው 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ዘርጉ፣ 150 አምፔር ፊውዝ አስገቡበት። በአምፔር ሜትሩ ላይ የነበሩትን ሁለት ሽቦዎች በደንብ በሚጨመቅ ተርሚናል አገናኝታችሁ ሸፍኑ። በቦታው ቮልት ሜትር ግጠሙ። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። ሞተር ክፍል ውስጥ ያለውን የድሮ የሚቀልጥ መከላከያ ሽቦ በተራ ሽቦ አትተኩት።

የፊት መብራቱም ተመሳሳይ ነገር አለበት፤ ሙሉ አምፔሩ በመሪው ስር ባለው ማብሪያ ስለሚያልፍ ማብሪያው ይቀልጣል። ሪሌይ ጨምሩ። ነገር ግን በዚህች መኪና ረጅምና አጭር መብራት የሚቀያየረው በግራውንድ በኩል ስለሆነ፣ ለሌላ መኪና የተሠራ የሪሌይ ስብስብ እንዳለ አይገጥማትም።

በከፍተኛ ዙር ጉልበት ያጣል

ሚኒሞ ላይ ደህና ነው፣ ስትረግጡት ይታነቃል። ፓምፑ ላይ ያለውን ቮልት ሞተሩ ከባድ ሥራ ላይ ሳለ ለኩና ከባትሪው ጋር አወዳድሩት። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሽቦው ቀጥኗል። 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከባትሪው እስከ ኋላ ዘርጉ፣ ሪሌይውንም ፓምፑ አጠገብ አድርጉ። የሚታነቀው ኩርባ ላይ ብቻ፣ ያውም ነዳጁ ሲያንስ ከሆነ ሽቦውን ተዉት። የድሮው ታንክ ለኢንጀክሽን አልተሠራም፤ ነዳጁ ወደ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይስባል። ትንሽ ተጨማሪ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ያስፈልገዋል።

ጌጆቹና ማርሹ

ሙቀት ጌጁ የማይሆን ቁጥር ካሳየ ከኮምፒውተሩ ሴንሰር ሽቦ ተጋርታችሁ ይሆናል። አንድ ሴንሰር ለሁለት አያገለግልም። የዳትሰኑን ሴንሰር ከኋላ በኩል ባለው ሌላው የቴስታታ ቀዳዳ ላይ በማገናኛ ግጠሙ፣ ሁለቱም በየራሳቸው ይሥሩ።

የድሮው ዙር ቆጣሪ የአዲሱን ኮምፒውተር ምልክት ማንበብ አይችልም፣ ውስጡ መቀየር አለበት። ከተቀየረ በኋላ ሞተሩ 3000 ሲዞር 1500 ካሳየ፣ ለስምንት ሲሊንደር ተስተካክሏል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የሚልከው በአንድ ዙር ሁለት ምት ብቻ ስለሆነ ቆጣሪውን ለአራት ሲሊንደር አስተካክሉት።

ቲ56 የሚባለው ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ አብሮ ከገባ የኋላ ማርሹ በጣም ሊከብዳችሁ ይችላል። ካምቢዮው አልተበላሸም። በስህተት የኋላ ማርሽ እንዳይገባ የሚከለክል በኤሌክትሪክ የሚለቀቅ መቆለፊያ አለው፤ ቮልት ካልደረሰው አይለቅም። ሽቦውን ከፍሬን መብራት ማብሪያ ጋር አገናኙት፤ ፍሬን ስትይዙ መቆለፊያው ይለቃል፣ ማርሹም ይገባል።